ጫፉ የተነከሰ እሾህ

ያ ጫካ በክፉውም ዘመን በደጉም ዘመን ሥርዓት ጎድሎት አያውቅም። በአንበሳው ጊዜ ከምንጩ የሚጠጣው በማዕረግ ነበር። አንበሳው ከምንጩ ዐይን ይጠጣል፤ ዝቅ ብለው ቀበሮና ሹማምንቱ ይጠጣሉ፤ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ሣር በሊታው ሁሉ የእነሱን የእግር እጣቢ ይጠጣል። በየቀኑ ከመንጋው አንዱ ይበላል። የተበላው ቤተሰብም ከሰዓት በኋላ ተሰልፎ ሄዶ፣ ለግርማዊነታቸው ምሳ ለመሆን በመብቃታችን ደስታችን ወሰን የለውም ብሎ እጅ ይነሳል። እጅ ሳይነሳ የቀረ ቤተሰብ በማግስቱ ይደገማል። ሰላም ነበር፤ ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም ነበር።

ከዚያ ትግል መጣ፣ አንበሳው ወደቀ፣ ሥርዓቱ ከሥሩ ተለወጠ ተባለ። አዎ፣ ተለወጠ! አሁን ከምንጩ ዐይን የሚጠጣው ጅቡ ነው። አንበሳው «ግርማዊ» ይባል ነበር፤ ጅቡ ግን «አያ ጅቦ በሉኝ፣ እኔ ወንድማችሁ ነኝ» አለ። አበላሉም እንደ ድሮው በጉልበት አይደለም። አዲሱ ሕግ «የሞተ እንጂ የቆመ አይበላም» ይላል። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ታዲያ በየመንጋው የሚሞተው በዛ። ደህና እደሩ ብሎ የተኛ ጤነኛ ጠዋት አጥንቱ ይገኛል፤ ለቅሶ በመድረስ ደግሞ አያ ጅቦን የሚቀድመው የለም። ቀበሮስ? ቀበሮማ የት ይሄዳል! ያኔም የአንበሳው አፈ ጉባኤ ነበር፣ ዛሬም የጅቡ ሸንጎ ሰብሳቢ ነው። የተለወጠው ሲሰግድ ፊቱን የሚያዞርበት አቅጣጫ ብቻ ነው።

በዚህ አዲስ ሥርዓት ውስጥ ስሟ ሲነሳ ሁሉም እንትፍ የሚልባት አንዲት ሴት ነበረች፤ እትዬ ጃርት።

ጥላቻው እንዲሁ ከሜዳ አልመጣም። እትዬ ጃርት የአንበሳው ጥርስ ጎርጓሪ ነበረች። ግርማዊው በልተው ሲጨርሱ አፋቸውን ከፍተው ይጋደማሉ፤ እሷ ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ በጥርሳቸው መሃል የቀረውን ሥጋ ታወጣለች። ሥጋው የማን እንደሆነ ታውቃለች። አንዳንዴ ትናንት ሜዳ ላይ እንደምን ዋልሽ ያለቻት ጎረቤት ናት። ከዋሻው ስትወጣ መንጋው ያያታል፤ ጭንቅላቷ አንበሳ አፍ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል፣ አልተበላችም፣ ልጆቿንም በዋሻው ጥግ እንድታሳድግ ተፈቅዶላታል። ማን ይውደዳት? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኔም ብሆን አልወዳትም ነበር።

መንጋው ያላወቀው ይህን ነው። አንበሳ ጥርሱ ሲጎረጎር ወሬ ይወዳል። አፉን እንደከፈተ ነገ ማንን የት እንደሚጠብቅ ይተርካል። ግማሹ ቃል ጉሮሮው ውስጥ ይቀራል፤ እትዬ ጃርት ግን ከልምድ ብዛት ሙሉውን ትሰማለች። ያገለገለ እሾህ ደግሞ ይጣላል። በጫካው መንገድ ሁሉ የአንበሳ ጥርስ የተጎረጎረበት እሾህ ወድቆ ይታያል፤ ያየው ሁሉ ተጸይፎ ዘሎት ያልፋል እንጂ ጎንበስ ብሎ አያየውም። እሷም መልእክቷን የምትልከው በዚሁ ቆሻሻ ነበር። ወንዙ መሻገሪያ አጠገብ ካለው ትልቅ ሾላ ሥር አንድ እሾህ ትጥላለች። ጫፉ ደህና ከሆነ መንገዱ ሰላም ነው፣ ተሻገሩ ማለት ነው። ጫፉ በጥርስ የተነከሰ ከሆነ አትምጡ፣ ሊበላችሁ የተዘጋጀ እዚያ አለ ማለት ነው። ሌላ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ አላስፈለጋቸውምም። በትግሉ ዘመን ታጋዮቹ ያን ወንዝ የተሻገሩትም ከመሻገር የተመለሱትም በእሷ እሾህ ነው።

ምስጢሩን የሚያውቁት ሦስት ናቸው ይባል ነበር። አንዷ ራሷ ናት። ሁለተኛው የታጋዮቹ መሪ ጋሽ ድኩላ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ቃሉ የሚታመን፣ መንጋው ሁሉ «አንበሳው ሲወድቅ እሱ ይምራን» የሚለው። ሦስተኛው ጅቡ ነው። የጅቡ ሥራ ጎህ ሲቀድ ቀድሞ ሾላው ሥር መድረስ፣ እሾሁን ማየት፣ የተነከሰ ከሆነ ጮሆ መንጋውን መመለስ ነበር። እውነቱን ለመናገር አራተኛም አለች፤ የጋሽ ድኩላ ሚስት እመት ድኩሊት። ባልየው ምስጢሩን ከሚስቱ ደብቆ ከረመ ብሎ የሚያምን ካለ ትዳር ያልያዘ ሰው መሆን አለበት።

ትግሉ ሊያልቅ አካባቢ፣ ሲያካፋ ባደረበት ጠዋት፣ ጅቡ እንደ ልማዱ ቀድሞ ሄደ። አልጮኸም። ጋሽ ድኩላና ጎበዛዝቱ መንገዱ ሰላም ነው ብለው ወንዙ ውስጥ ገቡ። አንበሳው ከማዶ አድፍጦ ነበር፤ ከመሻገሪያው በሕይወት የወጣ የለም። አንበሳውም ያን ቀን ከልኩ በላይ በልቶ ፀሐይ ላይ ተዘርሮ ተኛ፤ ጎሾች በተኛበት ደርሰው ረገጡት። ድል ሆነ። ጅቡ በለቅሶው ላይ ደረቱን እየደቃ «ምልክት አልነበረም! ሾላው ሥር ምንም አልነበረም! የውስጥ ሰው ከድቶናል!» እያለ ጮኸ። እንግዲህ ማን ይምራን ሲባል፣ ጋሽ ድኩላ የለም፤ ከለቀስተኛው ሁሉ አብልጦ የጮኸው ደግሞ ጅቡ ነበር። እሱው ይሁን ተባለ።

እትዬ ጃርት ግን ያን ዕለት እሾሁን በገዛ ጥርሷ ነክሳ በገዛ እጇ ሾላው ሥር አስቀምጣ ነበር። ይህንኑ ልትነግራት ወደ እመት ድኩሊት ሄደች፤ ያቺ ግን ገና ከሩቅ ስታያት «ባሌን የሸጥሽ! ከፊቴ ጥፊ!» ብላ በእርግጫ አባረረቻት። እትዬ ጃርት አልፈረደችባትም። ምናልባት ጎርፍ ወስዶት ይሆን? ንፋስ ይሆን? ብላ ብላ ሰለቻት፤ መልስ አላገኘችም።

በዚህ መሃል አያ ጅቦ ዐዋጅ አስነገረ። በአንበሳው ዘመን በስውር ለትግሉ ያገለገሉ የውስጥ አርበኞች ይሸለማሉ። ሽልማቱ እሾህ በጆሮ ላይ መሰካት፣ ከጨው አፈሩ ከሁሉ ቀድሞ መላስና ከአያ ጅቦ ቀጥሎ ከምንጩ መጠጣት ነው። ማስረጃው በትግሉ ጊዜ ተቀምጦ የነበረ እሾህ ይዞ መቅረብ ነው፤ ታጋዮቹ በእሾህ ይላላኩ እንደነበር ከድል በኋላ በየዘፈኑ ገብቶ ነበርና። በአንበሳው ቤት ኖሮ አርበኝነቱን ያላስመሰከረ ግን ከነልጆቹ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ቃጠሎው ሜዳ ይባረራል። ቃጠሎው ሜዳ በጦርነቱ የነደደ ነው፤ ሥር የለው፣ ጥላ የለው። የእትዬ ጃርት ልጆች እሾሃቸው ገና ያልጠነከረ፣ ከእናታቸው ሆድ ሥር የማይወጡ ነበሩ። እዚያ ሜዳ ላይ የመጀመሪያው ጭልፊት ይለቅማቸዋል። ይህን እያሰበች ምግብ አልወርድ አላት። የምትፈልገው ሽልማት አይደለም፤ አንድ ሰው ተነሥቶ «እሾሁ ነበረ» እንዲልላት ብቻ ነው።

ወይ ያ ሰሞን! ጫካው በሙሉ አርበኛ ሆነ። ትናንት ተጸይፎ የሚዘለውን እሾህ ዛሬ ሁሉም በአፍንጫው መሬት እየጠረገ ይፈልገዋል። ባልና ሚስት በአንድ እሾህ ተጣሉ። ቁራ ጎጆዋን አፍርሳ ከውስጡ መዘዘች። የአንበሳ ቤት ሰው ብሎ ጎረቤቱን ሲሰድብ የከረመ ሁሉ፣ «እኔ እንኳ ያኔ ውስጥ ውስጡን…» ማለት ጀመረ። ውስጥ ውስጡን! ለካ ያ አንበሳ ሲነግሥ የኖረው በአርበኞች መካከል ኖሯል! እንዴት አንድ ቀን እንኳ ሳይወድቅ ዕድሜውን ሙሉ እንደኖረ ፈጣሪ ይወቀው።

የሽልማቱ ቀን ሜዳው ሞላ። አያ ጅቦ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ያው የአንበሳው ድንጋይ ነው፣ ትንሽ ይሰፋዋል። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገና «የተከበራችሁ የጫካችን ነዋሪዎች፣ ዛሬ በጨለማ የሠሩልን በብርሃን የሚታዩበት ቀን ነው» ብሎ ጀመረ። ያንኑ ንግግር በአንበሳው ልደት ላይም አድርጎት ነበር፤ ከተሸላሚዎቹ ስም በስተቀር የለወጠው ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ ከርከሮ ቀረበ። እሾሁ በእጁ የለም፤ ዞር ብሎ መቀመጫውን አሳየ። እሾህ ላይ ተቀምጦበት እዚያው ተሰብሮ ቀርቶበት ነበር።

«ይህን የትግል እሾህ» አለ ከርከሮ ድምፁን አወፍሮ፣ «ጠላት እንዳያገኘው በሰውነቴ ውስጥ ደብቄ ኖሬያለሁ። መቀመጥ አልቻልኩም፤ ለትግሉ ስል ቆሜ ኖርኩ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። አያ ጅቦ እንባውን ጠረገ። ቁራ ተከተለች፤ «እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት በትግሉ እሾህ ላይ ነው» አለች፣ እሷም ተሸለመች። ከእነሱ በኋላ ማን ያልቀረበ አለ! አንዱ እሾሁን በጆሮው ሰክቶ ሲመለስ ሌላው ይተካል። ያ ሁሉ እሾህ የጃርት ጀርባ ላይ የበቀለ መሆኑን አንድም የጠየቀ አልነበረም።

ተራዋ ሲደርስ እትዬ ጃርት ልጆቿን ከኋላዋ አስከትላ ወደ መሃል ገባች። ሜዳው አጉረመረመ።

«እሾህሽ የታለ?» አላት ቀበሮ።

«ጀርባዬ ላይ ነው ጌታዬ። እነዚህ ሁሉ ይዘው የመጡትም የኔው ነው። እየነቀልኩ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ሳቅ ሆነ። ከርከሮ ሳቁን ማቆም አቅቶት ሊቀመጥ ሲል እሾሁ ወጋውና ዘሎ ተነሣ። ቀበሮ እስኪረጋጉ ጠበቀ።

«ጉባኤው ይስማልኝ» አለ ለስለስ ብሎ። «እነዚህ አርበኞቻችን በተፈጥሯቸው እሾህ የላቸውም። እሾህ የሌለው ፍጡር እሾህ ይዞ ሲገኝ፣ ያ መሥዋዕትነት ይባላል። አንቺ ግን ስትወለጂም አብሮሽ ነበር፤ ምን ደከምሽ? ደግሞስ ጀርባሽ ላይ ያለው ምንድን ነው? ለትግሉ ያልሰጠሽው ነው! ለትግሉ የነፈግሽውን ተሸክመሽ መጥተሽ ሸልሙኝ ትያለሽ?»

«እውነት ነው!» አለ ሜዳው። «ነፍጋናለች!»

«ኧረ ጌታዬ» አለች እትዬ ጃርት፤ «እነሱ በጆሯቸው የሰኩት እኮ የአንበሳ ጥርስ የተጎረጎረበት ነው። አብዛኛው መልእክት እንኳ አይደለም፤ ዝም ብሎ የተጣለ ነው። እዚያኛው ላይ ሥጋ አለበት፣ ተመልከቱት።»

«ስለዚህ ጥርሱን መጎርጎርሽን አመንሽ» አለ ቀበሮ። «ጉባኤው ሰምቷል። በገዛ አፏ አመነች።»

ይኸን ጊዜ እመት ድኩሊት ከመንጋው መሃል ተነሣች። የጋሽ ድኩላን ሚስት የማያከብር አልነበረም።

«እኔ ሽልማት አልፈልግም» አለች። «ይህችን ሴት አንድ ነገር ልጠይቃት ብቻ ነው የመጣሁት። ባሌ በሞተበት ጠዋት ምልክቱ የት ነበር?»

«ነበረ እህቴ!» አለች እትዬ ጃርት፤ እንባዋ መጣ። «ነክሼ አስቀምጫለሁ። አትምጡ ብያለሁ። እነዚህን ልጆቼን ይንሳኝ!»

«አያ ጅቦ እዚያ ነበሩ» አለች ድኩሊት ወደ ድንጋዩ ዞራ። «እሳቸው ይንገሩን።»

አያ ጅቦ ከድንጋዩ ወረደና አንገቱን ደፋ። «እህቴ፣ ቁስሌን አትንኪብኝ» አለ። «ያን ቀን ሾላው ሥር ደረስኩ። ዞርኩ፣ ፈለግሁ፣ አፈሩን አሸተትኩ። ምንም አልነበረም። እሾህ ቢኖር ኖሮ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ አልጮህም ነበር? ወንድሜን ድኩላን አስበላዋለሁ?» አለና አለቀሰ። ያለቀሰው የምሩን ይመስል ነበር፤ ጅብ ለቅሶ ሲያውቅበት!

ድኩሊት እትዬ ጃርትን አንድ ጊዜ አየቻትና ፊቷን አዞረች። ቀበሮም ወዲያው ፍርዱን ተናገረ፤ እትዬ ጃርት ከነልጆቿ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዙን ትሻገር። እሷም ልጆቿን ወደ ሆዷ ሰብስባ ቆመች። ምን ትበል? ሊመሰክሩላት ከሚችሉት አንዱ ሞቶ፣ አንዱ ክዶ፣ ለብቻዋ ቀርታለች።

በዚህ ቅጽበት ነው ዝንጀሮ የደረሰው። ትልቅ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው ብሎ ሆን ብሎ አርፍዶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ እሾሁን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ሰዉን በክርኑ እየገፋ መሃል ገባ። እስካሁን የተባለውን አንዱንም አልሰማም።

«ቆይማ!» አለ። «ሽልማቱ አለቀ እንዳትሉኝ! እናንተ ያመጣችሁት እሾህ ሁሉ ተራ እሾህ ነው። የኔን እዩ። ይህ ጋሽ ድኩላ በወደቀበት ጠዋት፣ ሾላው ሥር እኔ በገዛ እጄ ያስቀመጥኩት ነው!»

አያ ጅቦ ቀና አለ። «መልካም፣ መልካም፣ ተሸልመሃል፣ ሂድ ተቀመጥ» አለ ቶሎ ብሎ።

«አይ፣ ምስክሬን ሳልጠራማ አልቀመጥም!» አለ ዝንጀሮ፤ ገና መሞቁ ነበር። «ሁሉም ያለ ምስክር ነው የተሸለመው። የኔ ምስክር ግን ትንሽ ሰው አይደለም። ምስክሬ ራስዎ ነዎት፣ አያ ጅቦ!»

ሜዳው በአድናቆት አጉረመረመ። ዝንጀሮ ደረቱን ነፋ።

«እሾሁን አስቀምጬ ሾላው ላይ ወጣሁ። ፍሬ እየበላሁ… ማለቴ ጥበቃ ላይ ሆኜ ሳይ፣ አያ ጅቦ በጭቃው ላይ እየተራመዱ መጡ። እሾሁ ዘንድ ቆሙ። ጎንበስ ብለው ጫፉን አዩት፤ ደህና አድርገው አዩት። ከዚያ ግራ ቀኝ ተመለከቱና በእግራቸው ጭቃው ውስጥ ረግጠው ቀበሩት። ያቺን አረጋገጣቸውን! ደግሞ አልጮኹም፤ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ቁጥቋጦው ገቡ። እኔም በልቤ፣ እሰይ! መልእክቱ ለባለቤቱ ደረሰ አልኩ። ከዚያ ወርጄ ከጭቃው ውስጥ አውጥቼ ለዚህ ቀን አኖርኩት። ይኸው፣ የእግርዎ ጭቃ እንኳ አልጠፋበትም። ውሸት ነው አያ ጅቦ?»

እሾሁን ያስቀመጠው እሱ አለመሆኑ ካልሆነ በቀር ሁሉም እውነት ነበር። ዝንጀሮ በሕይወቱ የዚያን ያህል እውነት በአንድ ጊዜ ተናግሮ አያውቅም፤ ያንንም ለማሞካሸት ብሎ ነው።

ከርከሮ ብቻውን አጨበጨበ። ሌላው መንጋ ገና አልገባውም፤ ግን አሁን ቅድም አያ ጅቦ «ምንም አልነበረም» ሲል የሰማው ጆሮ ያው ጆሮ ነው፤ እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። እመት ድኩሊት ቀስ ብላ መጣችና ዝንጀሮ ፊት ቆመች። እሾሁን አየችው። ጫፉን አየችው። በትንንሽ ጥርሶች የተነከሰ ነበር።

«ይህ ጫፉ ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«እ… ለአምባገነኑ ካለኝ ጥላቻ የተነሣ ነክሼው ነው» አለ ዝንጀሮ።

ድኩሊት ዞራ አያ ጅቦን አየችው፤ ከዚያ እትዬ ጃርትን። እትዬ ጃርትን ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ሲያንገበግባት የኖረው ጥያቄ ተመለሰላት፤ ጎርፍም አልነበረም፣ ንፋስም አልነበረም። ንዴት ከእግሯ እስከ አናቷ ወጣባትና እሾሆቿ በሙሉ ቆሙ።

አያ ጅቦ ሞኝ አይደለም። ሰው ሳያስበው ዘሎ ወደ እትዬ ጃርት ሄደና በሰፊው ፈገግ አለ።

«ወገኖቼ!» አለ ጮክ ብሎ። «አሁን ገና ትዝ አለኝ! በዚያ ጭጋግ፣ በዚያ ውጥረት፣ ማን ሁሉን ያስታውሳል? እሾሁ ሳይኖር አልቀረም። ይህች ሴት ከውስጥ አርበኞች ሁሉ ታላቋ ናት! ፍርዱ ተሽሯል። እትዬ ጃርት ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ቀጥላ ከምንጩ ትጠጣለች፤ ልጆቿ በዋሻዬ ያድጋሉ፤ እሷም የእኔ…» አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእሷ ብቻ ጨረሰው፤ «የእኔ ጥርስ ጎርጓሪ ትሆኛለሽ። እንደ ቀድሞሽ። አፍሽን ብቻ ያዢ። ልጆችሽን አስቢ።»

ልጆቿን አሰበች እንዴ? ሌላ ምን አስባ ታውቃለች! በአንበሳው ዋሻ ጥግ ያሳደገቻቸው፣ ዕለት ዕለት ጭንቅላቷን አንበሳ አፍ ውስጥ የከተተችው ለእነሱ ስትል ነው። የመጣችበትን ነገር አግኝታለች። «እሾሁ ነበረ» ተብሎላታል። እሺ ብትል ማን ይፈርድባታል? ግን የጅቡ አፍ ፊቷ ላይ ተከፍቶ ነበርና ሽታው መጣባት። ያን ሽታ ታውቀዋለች። በጥርሱ መሃል ያለውንም አየችው፤ አሁንም የጎረቤት ሥጋ ነው።

ወደ ዝንጀሮ ሄዳ እሾሁን ከእጁ ወሰደችው። እሱም ልትመሰክርልኝ ነው ብሎ ለቀቀላት። ወደ ድንጋዩ ተመለሰችና፣ የተነከሰውን ጫፍ ወደ አያ ጅቦ አዙራ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ልጆቿን በአፍንጫዋ ገፋ ገፋ እያደረገች ወደ ወንዙ መራመድ ጀመረች።

«ይህ ምን ማለት ነው?» አለ ሸምገል ያለ ጎሽ ከኋላ።

«አትምጡ ማለት ነው» አለች እመት ድኩሊት፤ ድምጿ ሜዳውን ሞላው። «ሊበላችሁ የተዘጋጀ እዚህ አለ ማለት ነው። ባሌም ያን ቀን ይህንኑ ሊነገረው ነበር። አያ ጅቦ አይቶ ረገጠው፤ ጋሽ ድኩላ እያለ ማን ይህን ድንጋይ ይሰጠው ነበር?»

ከዚያም እየሮጠች እትዬ ጃርትን ደረሰችባት። ሁለቱ አፍ ለአፍ ገጥመው ምን እንደተባባሉ ሌላው አልሰማም፤ ወዲያው ግን ድኩሊት «ልጆችሽን ከልጆቼ መሃል አስገቢያቸው፣ ጭልፊት እንዳያያቸው» ስትል ተሰማ። መንጋዋ ተነሥቶ ተከተላት። ቀጥሎ ሌላው መንጋ ተነሣ። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም፤ ብቻ ተነሥተው ሄዱ።

ጎሾቹ ትንሽ ዘገዩ። አንዱ ጎረምሳ መሬቱን በሰኮናው እየጫረ «እንርገጠውና እንሂድ!» አለ። ሽማግሌው ጎሽ ጅቡን አየው፣ ከጅቡ አሻግሮ ቀበሮን አየው።

«አንበሳ ረግጠን ይህን አገኘን» አለ። «አሁን ደግሞ ይህን ረግጠን ያንን ልናገኝ ነው? ተወው፣ ልጄ፣ እንሂድ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሣር በሊታው ሁሉ ወንዙን ተሻገረ። ቃጠሎው ሜዳ ላይ ሣር ገና አልበቀለም ነበር። እሱንም እያወቁ ነው የሄዱት።

ሜዳው ላይ የቀሩት አያ ጅቦ፣ ቀበሮና እሾህ በጆሯቸው የሰኩት አርበኞች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ደስ አላቸው፤ ጨው አፈሩን ላሱ፣ ከምንጩ ዐይን ጠጡ፣ ወረፋም የሚጋፋቸው አልነበረም። ዝንጀሮ እሾሁ ተወሰደበት ብሎ ስላለቃቀሰ ቀበሮ ከመሬት አንድ አንሥቶ ሰካለት።

የምሳ ሰዓት አለፈ። አያ ጅቦ ወደ ወንዙ ተመለከተ፣ ማንም የለም። ሆዱ ጮኸ። አርበኞቹ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

«ጓዶች» አለ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠርጎ፤ «ሕጋችን የሞተ እንጂ የቆመ አይበላም ይላል፤ ሕጉም ይከበራል። እስቲ ከመካከላችሁ ጤና የማይሰማው አለ?»

«ኧረ ሁላችንም እጅግ ጤነኞች ነን!» አሉ በአንድ ድምፅ። ከርከሮም ለዚያ ቀን ያህል ሕመሙን ችሎ ቁጭ አለ።

አያ ጅቦ አንድ በአንድ አያቸው። ዓይኑ ዝንጀሮ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አንተ» አለው በወንድማዊ ድምፅ፣ «ዛሬ ፊትህ ገርጥቶብኛል። ና እስቲ ጠጋ በል ልይህ።»

ዝንጀሮ ግራ ቀኙን አየ። አጠገቡ የነበሩት አርበኞች ዞር ዞር ብለው ቦታ ለቀቁለት። ቀበሮም ክንዱን ይዞ ወደ ድንጋዩ መራው፤ የጥርስ መጎርጎሪያው እንደሆነ ጆሮው ላይ ተሰክቶለታል።